የጀልባ የኋላ ግድግዳ ለማደስ የሚሆኑ ቁሳቁሶች፦ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ ገዝቼ የፈተንኳቸው

ይህ ግምገማ የአንዲት አነስተኛ የፋይበር ግላስ ጀልባን የኋላ ግድግዳ፣ ማለትም ሞተሩ የሚንጠለጠልበትንና ባለሙያዎች ትራንሰም የሚሉትን ክፍል፣ እንደ አዲስ ለመሥራት ስል በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ ባሉ የእንጨት፣ የቀለምና የኬሚካል መሸጫዎች የገዛኋቸውን ቁሳቁሶች ይመለከታል። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። 15 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር፣ ፊቱ በፊልም ያልተሸፈነና በፈላ ውኃ ተቀቅሎ ያልተላቀቀ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በሁለት ንብብር፣ በፖሊስተር ሬዚን (ማድረቂያ ሲጨመርበት በሚጠነክር ፈሳሽ) እና በፋይበር ግላስ ተለብጦ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብቻ ኤፖክሲ በሚባለው ሌላ የሬዚን ዓይነት ታሽገው ሲሠራ በአካባቢያችን ገበያ ከሚገኘው ሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። «ማሪን» በሚል ስም በውድ የቀረበልኝን ቡናማ ኮምፔንሳቶ ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም።

እኔ በሙያዬ የቤት ዕቃ አናጺ ነኝ። ስለ እንጨት የምጽፈውን ከእጄ ሥራ የማውቀው ሲሆን፣ የሬዚኑን ነገር የተማርኩት ለባጃጅ ጣሪያና ለመኪና መከላከያ ፋይበር ግላስ ከሚሠሩ ጎረቤቶቼ አጠገብ ቆሜ፣ አንዳንዱንም አበላሽቼ ነው። አንባቢ ቃሌን በዚህ ልክ ይመዝነው።

ጀልባዋ የእኅቴ ባል ንብረት ስትሆን፣ ከባቱ ከተማ ተነሥታ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ወዳሉት ደሴቶች ሰውና ዕቃ ታመላልሳለች። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ፍጥነት ሲጨመርለት ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ ጀመረ። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ስናንኳኳው ጤነኛው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከሞተሩ በታች ያለው ግን እንደ ረጠበ ጆንያ ዝም አለ። ከውስጥ በኩል በ5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ስንበሳው የወጣው ደረቅ ፍቅፋቂ ሳይሆን የቡና አተላ የመሰለ ጥቁርና እርጥብ ነገር ነበር። ጀልባዋን በተጎታች ጭነን በሞጆና በዱከም በኩል ወደ ግቢዬ ካመጣናት በኋላ የውስጡን ሽፋን በግራይንደር ቆርጠን ስናነሣ፣ የውጭው የፋይበር ግላስ ቆዳ ምንም ሳይሆን በመካከል የነበረው ኮምፔንሳቶ በእጅ ይታፈስ ነበር።

ውኃው በየት እንደ ገባ ለማወቅ ብዙ አልደከምንም። ከዓመታት በፊት የገመድ ማሰሪያ መንጠቆ የታሰረባቸው ሦስት ቪቶች ያለ ምንም ማሸጊያ በቀጥታ ወደ እንጨቱ ገብተዋል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ዕድሜው አይደለም፤ ፈንገስ ነው። ፈንገስም የእርጥበት መጠኑ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ውስጥ ሊያድግ አይችልም። ቁሳቁስ ስመርጥ ከዚህ ነጥብ ላለመራቅ ሞክሬአለሁ፤ የእንጨቱ ዝና የቱንም ያህል ቢሆን፣ ሙጫው ውኃ የማይችል ከሆነ ወይም አንድ ቀዳዳ ክፍት ከቀረ ግድግዳው መልሶ መበስበሱ አይቀርም።

የግድግዳው ስፋት 1.40 ሜትር፣ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የኮምፔንሳቶ ሉህ 1.22 በ2.44 ሜትር ስለሆነ ለሁለቱም ንብብር አንድ ሉህ ይበቃል፤ ተቆርጦ ሲጣመር ክብደቱ 15 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ሉህ ዋጋ ልዩነት ላይ መከራከር ትርጉም የለውም። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሬዚኑና ፋይበር ግላሱ ነው። የብር አሃዝ የማልጽፈው ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ነው።

አሁን ወደ ኮምፔንሳቶው ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በቃሊቲ መንገድ ካሉት የእንጨት መሸጫዎች ወደ አንዱ ገብቼ «ውኃ የሚችል ኮምፔንሳቶ» ብዬ ስጠይቅ የወጣልኝ ለአርማታ ፎርም የሚያገለግለው፣ ሁለቱም ፊቱ በሚያብረቀርቅ ቡናማ ፊልም የተሸፈነው ነበር። ሻጩ ወጣት «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሲሚንቶ ሲፈስበት የሚውል ነው፤ የሐይቅ ውኃ ምን ያደርገዋል?» አለኝ፤ «ማሪን ነው» ብሎም ከተለመደው ዋጋ ላይ ጨመረበት። ነገሩ በከፊል እውነትነት አለው፤ የዚህ ኮምፔንሳቶ ሙጫ ብዙ ጊዜ ውኃ የሚቋቋም የፌኖል ሙጫ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ፊልሙ የተሠራው ሲሚንቶ እንዳይጣበቅበት መሆኑ ነው፤ ሲሚንቶ ያልያዘውን ፊት ሬዚንም አይይዘውም። ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ፊት እስከ እንጨቱ ድረስ በግራይንደር መፋቅ ይኖርበታል፤ ይህን ሲያደርግም የላይኛውን ቀጭን ንብር አብሮ ይፍቀዋል። ሁለተኛው ችግር በመሐል ያሉት ንብሮች ነው። የገዛሁትን ቁራጭ በመጋዝ ስሰነጥቀው በመካከሉ ጣት የሚያስገባ ባይሆንም ቢላዋ የሚያስገባ ክፍተት በሁለት ቦታ አገኘሁ። የሞተሩ መቆንጠጫ በእንዲህ ያለ ክፍተት ላይ ቢያርፍ እንጨቱ ይሰምጣል፤ በብሎን ቀዳዳ በኩል የገባ ውኃም ክፍተቱን እንደ ቦይ ተከትሎ ይጓዛል። በየሕንፃው ሥራ አጠገብ ተጥለው የሚታዩትን የፎርም ኮምፔንሳቶዎች ጠርዝ ያየ ሰው እንዴት አብጠው እንደሚከፈቱ ያውቃል። አርማታ የቀናት ጉዳይ ነው፤ ጀልባ ግን ለዓመታት ከውኃ አይወጣም።

እውነተኛው የማሪን ኮምፔንሳቶ በእንግሊዙ ቢኤስ 1088 መለኪያ የሚሠራው ሲሆን፣ በውስጡ ክፍተት እንዳይኖር፣ የፊት ንብሮቹ እንከን የለሽ እንዲሆኑና ሙጫው ፈላ ውኃ እንዲችል ይደነግጋል። በዚህ ደረጃ ከሚመረቱት ብዙዎቹ ኦኩሜ ከሚባለው የጋቦን ዛፍ የሚሠሩ ናቸው። ኦኩሜ ቀላልና ለሥራ የሚመች እንጨት ቢሆንም በራሱ መበስበስን የሚቋቋም አይደለም፤ ሉሁ ላይ የሚመታው የደረጃ ማኅተምም ከባለቤቱ ቸልተኝነት አያድነውም። በዚያ ላይ ማኅተም በማንም እጅ ሊመታ የሚችል ነገር ነው፤ ስለሆነም ሉሁ ላይ ከተጻፈው ይልቅ በድስት ውስጥ የሚታየውን ማመን መረጥሁ።

ፈተናው ቀላል ነው። ከአራት ዓይነት ኮምፔንሳቶ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ አስቆርጬ (አንዳንዱ ሻጭ ፈቃደኛ ስላልነበረ ለቁራጩ ከፈልኩ) በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ በከሰል ምድጃ ላይ ቀቀልኳቸው። የአውሮፓው ኢኤን 314 መለኪያ ከቤት ውጭ ለሚውል ኮምፔንሳቶ 4 ሰዓት መቀቀል፣ ከ16 እስከ 20 ሰዓት በ60 ዲግሪ ማድረቅ፣ ከዚያም እንደገና 4 ሰዓት መቀቀልን ያዛል። እኛ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብለን ስለምንኖር ውኃችን የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህን ለማካካስ እያንዳንዱን ዙር ወደ 6 ሰዓት አራዘምኩት፤ በመካከሉም ቁራጮቹን ሌሊቱን ሙሉ ከምድጃው አጠገብ አደረቅኋቸው። ለቁም ሳጥን ጀርባ የምንጠቀምበት ነጣ ያለ ኮምፔንሳቶ የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተገለጠ፤ ውኃ በማይችለው የዩሪያ ሙጫ የተጣበቀ ነገር ከዚህ የተለየ አይጠበቅበትም። ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ተከፈተ። ባለ ፊልሙ ቁራጭ ሙጫው ሳይለቅ ቀረ፤ የክፍተቶቹ ነገር ግን ያው ነው። አራተኛው፣ ፊቱ ቀላ ያለ፣ ንብሮቹ ቀጫጭንና ብዙ የሆኑ፣ የሙጫው መስመር የጠቆረ ኮምፔንሳቶ፣ ሁለቱን ዙር ጨርሶ በቢላዋ ጫፍ ልፈለቅቀው ስሞክር የተቀደደው ሙጫው ሳይሆን እንጨቱ ሆነ። የገዛሁት ይህንኑ ነው። የሙጫው መስመር መጥቆር ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ግን መታወቅ አለበት፤ ነጭ ሆኖ ውኃ የሚችል የሜላሚን ሙጫም አለ።

አናጺ እንደመሆኔ ጠንካራ የአገር እንጨት ለምን እንዳልተጠቀምኩ መጠየቄ አይቀርም፤ የእኅቴ ባልም መጀመሪያ ያነሣው ይህንኑ ነበር። «ጽድ እያለ ኮምፔንሳቶ ምን ያደርጋል?» የሚለው ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ ጽድ ምስጥም ብስባሽም በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት መሆኑን በየቤተ ክርስቲያኑ የቆሙት ምሰሶዎች ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ ማንኛውም ጣውላ እርጥበቱ ሲለዋወጥ በጎኑ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። ይህን የሚንቀሳቀስ አካል በማይንቀሳቀስ የፋይበር ግላስ ቆዳ ውስጥ ብናሽገው ወይ ቆዳው ይሰነጠቃል ወይ ሁለቱ ይላቀቃሉ። ኮምፔንሳቶ ንብሮቹ እርስ በርሳቸው ተሻግረው የተደረደሩ ስለሆኑ ይህ ጠባይ የለውም። በተጨማሪም የጽድ ዘይት ሬዚን በደንብ እንዳይዝ ያደርጋል። ዋንዛ ለከበሮም ለቁም ሳጥንም የምወደው እንጨት ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ያው የጣውላ ችግር አለበት። ዝግባ መበስበስን አይችልም። ባሕር ዛፍን እንኳን ለጀልባ ለበር መቃንም ስጠቀምበት እየተጣመመ አስቸግሮኛል።

ሌሎች የቀረቡልኝ አማራጮችም ነበሩ። አንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ ሰሌዳ የሚሠራበትን ነጭ የፒቪሲ ፎም ቦርድ «በፍጹም አይበሰብስም» ብሎ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ አይበሰብስም። ነገር ግን ሞርሳ ውስጥ አስገብቼ ሳጠብቀው የሞርሳው ጥርስ ሰመጠበት፤ ለሞተር መቆንጠጫ የማይሆን መሆኑን ለማወቅ ከዚህ በላይ ፈተና አያስፈልግም። ለጣሪያ አርማታ የሚያስገቡትን ነጭ ስታይሮፎም የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ያለው ስታይሪን የተባለ ማሟሟቻ እንደ ስኳር እንደሚያሟሟው ይወቅ። ጎረቤቴ የሆነው በያጅ የ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ በጠቅላላው እንዲበየድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ብረት ከፋይበር ግላስ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ብሎን ብቻ ስለሆነና ከውስጥ ሲዝግ ስለማይታይ አልተቀበልኩትም። አሉኮቦንድ ያለኝም አልጠፋም፤ ለዚህ መልስ አልሰጠሁም። በውጭ አገር በመስታወት ክር የተጠናከሩ ከፍተኛ ጥግግት ያላቸው የፖሊዩሬቴን ፎም ቦርዶችና በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ፈስሰው የሚደርቁ ቅልቅሎች ለዚህ ሥራ ተብለው ይመረታሉ። እነዚህ በእውነት የማይበሰብሱና ጠንካራ ናቸው። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር የሚሸከም ትልቅ የጎብኚ ጀልባ ያለው ሰው ማስመጣቱን ቢያስብበት አያስቆጭም፤ 40 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሞተር ግን የአንድ ሉህ ማጓጓዣ ከጀልባዋ ዋጋ ጋር መወዳደር ይጀምራል።

ወደ ሬዚኑ ስንመጣ ምርጫው በፖሊስተርና በኤፖክሲ መካከል ነው። ኤፖክሲ እንጨት ላይ የመያዝ ኃይሉ የላቀ፣ ሲደርቅም እምብዛም የማይኮማተር መሆኑ አያከራክርም፤ ለሥራው የተሠራ ኤፖክሲ በበቂ መጠን ቢገኝ ሥራውን በሙሉ በእርሱ እሠራው ነበር። በአካባቢያችን የቀለም መሸጫዎች «ኤፖክሲ» ተብሎ የሚሸጠው ግን ወይ ለወለል ቅብ የተዘጋጀ፣ ቀለምና መሙያ የገባበት ነው፤ ወይ ደግሞ ለጠረጴዛ ማስጌጫ በወፍራሙ የሚፈስሰው ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ፋይበር ግላሱ ውስጥ አይሰርግም፤ ሁለተኛው በቀጭኑ ሲቀባ እጅግ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ፀሐይ ላይም ይለሰልሳል። ገዢ ጣሳውን ገልብጦ ለምን ሥራ እንደተዘጋጀ ሳያነብ «ኤፖክሲ ነው» በሚል ብቻ መግዛት የለበትም። ከዚህ ጋር አንድ የማይገለበጥ ቅደም ተከተል አለ። ኤፖክሲ በደረቀና በተፋቀ ፖሊስተር ላይ በደንብ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን በደረቀ ኤፖክሲ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ አይይዝም። ስለዚህ ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ፖሊስተሩን አስቀድሞ መጨረስ አለበት። እኔም ግድግዳውን በፖሊስተር ሠርቼ ኤፖክሲውን ለመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች ያቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ፖሊስተር ሬዚን በኪሎ ይሸጣል፤ ማድረቂያው ካታሊስት በትንሽ ጠርሙስ ለብቻው ይሰጣል። እዚህ ላይ ከአንድ የኬሚካል መሸጫ ጋር ያጋጠመኝን ሳልጽፍ አላልፍም። ጄሪካኑ በሱቁ በረንዳ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ተቀምጦ ነበር፤ የተመረተበት ቀን አልተጻፈበትም። ሻጩ «ሬዚን አይበላሽም» ሲለኝ አምኜ 5 ኪሎ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ስገለብጠው እንደ ማር እየተሳበ ወረደ፤ ከታች የረጋ ጓል ነበረው። ፖሊስተር ሬዚን በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ተቀምጦም ቢሆን ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ደግሞ ያለ ካታሊስትም ያረጉታል። ገንዘቤን ለማስመለስ ያደረግሁት ሙከራ አልተሳካም። በሌላው መሸጫ ግን የተመረተበት ቀን የተጻፈበትን በርሜል ከፍተው፣ በጥቂቱ በኩባያ ቀድተው፣ እዚያው ካታሊስት ጨምረው ሲረጋ አሳዩኝ። ሻጯ ሴት «አባቴ፣ ሳያዩ አይግዙ» ያለችኝ ስለ ራሷ ዕቃ መሆኑ አስደንቆኛል። የቀረውን ሁሉ የገዛሁት ከእርሷ ነው።

የካታሊስቱ መጠን ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም ማለት ነው። ጎረቤቶቼ በዓይናቸው ይጨምራሉ፤ ብዙ ጊዜም ይሳካላቸዋል፤ ለባጃጅ ጣሪያ ችግር የለውም። ወፍራም ሥራ ላይ ግን ሲበዛ ሬዚኑ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ሲቀዘቅዝም ይሰነጠቃል፤ ሲያንስ ደግሞ ለዘላለም ሳይደርቅ ይቀራል። የወርቅ ቤት ባይሆንም የኩሽና ትንሽ ሚዛን ገዝቼ ተጠቅሜአለሁ። አንዳንድ ሬዚን ኮባልት የሚባለው ማፋጠኛ ሳይገባበት ይሸጣል፤ በዚህ ጊዜ ኮባልቱ አስቀድሞ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ ነው ካታሊስቱ የሚጨመረው። ሁለቱን በቀጥታ ማገናኘት እሳት ወይም ፍንዳታ ያስነሣል፤ ስለዚህ በአንድ መደርደሪያ እንኳን ባይቀመጡ ይመረጣል። ካታሊስቱ ዓይን ውስጥ ቢገባ ብርሃን ያሳጣልና መነጽር ሳያደርጉ ጠርሙሱን መክፈት አይገባም።

ፋይበር ግላሱን በሚመለከት የሚያስፈልጉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የተቆራረጠ ክር የተነጠፈበት ማት ሲሆን፣ በካሬ ሜትር 300 እና 450 ግራም የሚመዝነው በብዛት ይገኛል። ሁለተኛው እንደ ጆንያ የተሸመነው ሮቪንግ ነው። ማት ክፍተት ይሞላል፣ ከእንጨትም ከሌላ ንብርም ጋር በደንብ ይያያዛል፤ ጉልበቱ ግን ውስን ነው። ጉልበት የሚሰጠው ረዣዥም ክር ያለው ሮቪንግ ነው። ማት የክብደቱን ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሬዚን ሲጠጣ ሮቪንግ የክብደቱን ያህል ይበቃዋል። በዚህ ስሌት ሦስት ንብር ባለ 450 ማትና በየመካከሉ ሁለት ንብር ባለ 600 ሮቪንግ፣ በጎንና በወለሉ ላይ ከሚታጠፈው ጭምር፣ ለጀልባችን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሬዚን ፈጀ፤ ለማጣበቂያውና ለእንጨቱ ቅብ ሌላ 3 ኪሎ ያህል ሄዷል። በኤፖክሲ ለሚሠራ ሰው ማስጠንቀቅ ያለብኝ አንድ ነገር፣ የተለመደው ማት ክሮቹን የሚያያይዘው ሙጫ የሚሟሟው በስታይሪን መሆኑን ነው፤ ኤፖክሲ ስታይሪን ስለሌለው ማቱ እንደ ካርቶን ደርቆ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለኤፖክሲ ሽመናው ይሻላል።

እንጨቱን ከውጭው ቆዳ ጋር ለማያያዝ የእኔ የሙያ ልማድ የሆነው ነጭ ኮላ እዚህ ቦታ የለውም፤ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳልና። የባቲላሜራ ሠራተኞች ያቀረቡልኝ የመኪና ስቱኮም አይሆንም፤ ስቱኮ የጎደጎደ በር ፊት ለማስተካከል የተሠራ፣ ውኃ የሚመጥና በቀላሉ የሚፈረፈር ነገር ነው። የተጠቀምኩት በሬዚን የራሰ አንድ ንብር ባለ 450 ማት ነው፤ በቆዳውና በመጀመሪያው ኮምፔንሳቶ መካከል አንድ፣ በሁለቱ ኮምፔንሳቶዎች መካከል ሌላ አንድ። ከዚያ በፊት የኮምፔንሳቶው ፊትና በተለይም ጠርዞቹ ሬዚን እስኪጠግቡ ድረስ ተቀብተዋል፤ ውኃ ከፊት ይልቅ በጠርዝ በኩል ብዙ እጥፍ ስለሚገባ ጠርዙን ሦስት ጊዜ ደጋግሜአለሁ። ለማጣበቅ በቂ ሞርሳ ስላልነበረኝ በነባሮቹ የሞተር ቀዳዳዎች ረጅም ብሎን አሳልፌ በሁለት ወፍራም ማገር አጣብቄዋለሁ። በጣም ማጥበቅ ስሕተት ነው፤ ሬዚኑ በሙሉ ተጨምቆ ሲወጣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። የውስጡ ማዕዘን በሬዚንና በታልክ ዱቄት ሊጥ እንደ ሳሕን ውስጥ ክብ እንዲሆን ተደርጓል፤ ፋይበር ግላስ በስለታም ማዕዘን ላይ ስለማይታጠፍ አየር ይቋጥራል። አየሩን ለማስወጣት የሚያገለግለውን የብረት ሮለር በገበያ ስላላገኘሁ ጎረቤቴ በብረት ዘንግ ላይ ሮንዴላዎችን ደርድሮ ሠራልኝ፤ ከተገዛው ያነሰ ሥራ የሠራ አይመስለኝም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ በቱሉ ዲምቱ ሜዳ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለሬዚን የሚስማማ አይደለም። ከ15 ዲግሪ በታች ፖሊስተር መድረቁን ያዘገያል፤ ካታሊስት ጨምሮ ለማካካስ መሞከርም የቀኑን ሙቀት ሲያገኝ እንዲሰነጠቅ ማድረግ ነው። እኔ የሠራሁት በየካቲት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ክረምቱን ደግሞ እንጨቱ ራሱ እርጥበት ስለሚጠጣ ከነጭራሹ አልመክርም። የመጨረሻው የፖሊስተር ንብር አየር ስለሚነካው ላዩ እየተጣበቀ ይቀራል፤ ሰም የገባበት ሬዚን በመቀባት ይህ ይወገዳል። ሽታው ከባድ መሆኑን መንደርተኛው አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ቀዳዳዎቹ የቀሩት መጨረሻ ላይ ነው። የ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ለሚገባበት ቀዳዳ በ16 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በሰፊው በሳሁ፤ በደቃቅ የእንጨት ዱቄት በወፈረ ኤፖክሲ ሞላሁ፤ በሁለተኛው ቀን በመካከሉ እንደገና በ10 በሳሁ። ሰጋቱራ ሻካራ ስለሆነ ከብርጭቆ ወረቀት የሚወጣውን ደቃቅ ዱቄት ነው የተጠቀምኩት። በዚህ አሠራር ብሎኑ ቢላላና ውኃ ቢገባ እንኳን የሚነካው ኤፖክሲን ብቻ ነው። ለዚህ ትንሽ ሥራ የጠረጴዛው ዓይነት ኤፖክሲ ቢሆንም ችሏል፤ ከመሙያው ጋር ስለተቀላቀለና በፀሐይ ስለማይመታ ይመስለኛል። ብሎንና ዳዶዎቹ ስቴንለስ ናቸው፤ ከውስጥም ከውጭም በሮንዴላ ፈንታ የ3 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ጠፍጣፋ አድርጌ ጭነቱን አሰፋሁት። ለማሸጊያ የመስኮትና የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሳይሆን ለሕንፃ መገጣጠሚያ የሚሸጠውን የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ መግዛት ይገባል፤ ሲሊኮን የነካውን ቦታ ወደፊት ሬዚንም ቀለምም እንቢ ይለዋል።

የግድግዳውን ከፍታ የቀድሞውን ልክ ሳልለቅ ጠብቄአለሁ። አጭር እግር ያለው ሞተር 38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅም እግር ያለው 51 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይፈልጋል፤ ሠሪው «ጠንከር ይበል» ብሎ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢጨምር ፕሮፔለሩ አየር ይስባል። ውፍረቱም እንዲሁ ነው፤ ከሞተሩ መቆንጠጫ አፍ በላይ ከወፈረ ሞተሩ አይገባም። የእኛው ሁሉም ነገር ተደምሮ 45 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ መቆንጠጫውም በቂ ቦታ ተርፎት ገብቷል።

ጀልባዋ ወደ ባቱ ከተመለሰች አራት ወር ሆኗታል። ሞተሩ አይነቃነቅም፤ በመዶሻ እጀታ ሲንኳኳ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። የእኅቴ ባል በተረከበበት ቀን መጀመሪያ የጠየቀኝ የገመድ ማሰሪያውን መንጠቆ የት ቦታ በቪት እንደሚመታው ነበር። መንጠቆውን ተቀብዬው በትንሽ የኮምፔንሳቶ መደብ ላይ በብሎን አሰርኩት፤ መደቡንም ያለ አንድም ቀዳዳ በፋይበር ግላስ ከግድግዳው ጋር ለበጥኩት።